የክር ድሬዱ አላሳቀኝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። ባለፈው እትማችሁ የኪነ ጥበብ ገጽ ላይ፣ እዚህ ከተማችን ስለተካሄደው የሙዚቃና የውዝዋዜ ምሽት የወጣውን ዘገባ አነበብኩት። ምሽቱ ከአፍሪካ ተነቅለው በዓለም ስለተበተኑ ጥቁር ሕዝቦች ጥበብ ነው ተብሎ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ዘጋቢያችሁ ሞቅ አድርጎ ጽፎታል። አዳራሹ ጢም ብሎ መሙላቱ እውነት ነው። የባንዱ ልጆችም ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን ታዳሚውን በሳቅ ገደለው ተብሎ የተሞገሰው አጭር ጭውውት ላይ ስደርስ ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥኩት። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። አልሳቅኩም። ምክንያቴን ልጻፍላችሁ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ዘገባው ጭውውቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስላለፈው ላላዩት ልንገር። ሁለት ወጣቶች ወጡ። ራሳቸው ላይ ከጥቁር ክር የተሠራ ድሬድ ደፍተዋል። ከላዩ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ኮፍያ። አንደኛው ክንድ የሚያህል ወረቀት ጠቅልሎ የሚያጨስ እየመሰለ ይንገዳገዳል። ሁለተኛው ከበሮ ይዟል፤ መምታት አይባልም፣ ይደበድበዋል። ሁለቱም ሆን ብለው አማርኛውን እየሰባበሩ በየንግግራቸው ማሳረጊያ «ያ ማን» ይላሉ፤ በጃማይካ እንግሊዝኛ «አዎ ወዳጄ» እንደማለት ነው። በመጨረሻ ከበሮው ላይ ተያይዘው ወደቁና መብራት ጠፋ። ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ያሉ ራስ ተፈሪያን ጎረቤቶቻችን በዚያ ምሽት የተወከሉት በዚህ ብቻ ነው። ከነሱ አንድም ሰው መድረኩ ላይ አልወጣም።

እኔ ተወዛዋዥ ነኝ። በደርግ ጊዜ ከቀበሌ ኪነት ጀምሬ፣ ለክፍለ ሀገሩ ተመርጬ፣ ወጣትነቴን ሲዳሞን በመድረክ ስዞር ጨረስኩት። አሁን ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታዘዝም። ግቢዬ ውስጥ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ አሳያለሁ። ሳቅ አልጠላም። ድሮም ቢሆን ከእኛ ውዝዋዜ ይልቅ ሕዝቡን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ጭውውት ነበር። ልጆቹንም አልተቀየምኳቸውም፤ ሲሠራ ያዩትን ነው የሠሩት። የከፋኝ ነገሩን የሚያውቅ ታላቅ ሰው አጠገባቸው አለመኖሩ ነው። አዘጋጆቹን ሄጄ አነጋግሬያቸው ነበር። «እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው፤ አያክብዱት» አሉኝ። ሻይ ግን ጋበዙኝ፤ ውለታቸውን አልክድም።

ይህ ቀልድ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 አካባቢ ቶማስ ራይስ የሚባል ነጭ ተዋናይ አሜሪካ ውስጥ ፊቱን በተቃጠለ ቡሽ ጥላሸት አጠቆረ። የተቀዳደደ ልብስ ለበሰ። እያነከሰ እየዘለለ፣ እንግሊዝኛውን እየሰባበረ ዘፈነ፣ ጨፈረ። ለገጸ ባሕርዩ ጂም ክሮው የሚል ስም ሰጠው። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ነጮች ጠቁረው ጥቁርን የሚያስመስሉበት ትርኢት፣ ሚንስትረል የሚባለው፣ በአሜሪካ መድረኮች ላይ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ነገሠ። ባንጆ የሚባለው ባለ አውታር መሣሪያ ከጥቁሮቹ የተወሰደ ነው። የእግር ጨዋታውም ከነሱ ነው። ባለቤቶቹ ግን መድረኩ ላይ ሰነፍ፣ ሰካራምና ሞኝ ሆነው ተሳሉ። በኋላ ጥቁርና ነጭ በአንድ ባቡር ፉርጎ እንዳይቀመጡ፣ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ የሚከለክሉት ሕጎች መጠሪያቸው ያው የመድረክ ቀልድ ሆነ፤ የጂም ክሮው ሕጎች ተባሉ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያንገበግበኝ የበርት ዊሊያምስ ነገር ነው። የባሃማስ ተወላጅ ነው። ጥቁር ነው። በዘመኑ ከነበሩት ቀልደኞች ሁሉ የላቀ ነበር ይባላል። ከጓደኛው ከጆርጅ ዎከር ጋር ሆኖ ጥቁሮች ራሳቸው የደረሱትንና የተወኑትን ሙሉ የሙዚቃ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1903 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ አቅርቧል። ትርኢቱን ይዘው ለንደንም ሄደዋል። እንዲህ ያለ ሰው መድረክ ሊወጣ ሲል ፊቱን በጥላሸት ይቀባ ነበር። ጥቁሩ ሰው ጥቁር ለመምሰል! ተመልካቹ ሌላ ጥቁር አያውቅማ። ሳቁ አስቀድሞ የራሱን ሰው ሠርቶ ጨርሷል፤ እውነተኛው ሰው ሲመጣ እንኳ በዚያ ልክ መቆረጥ ነበረበት።

«ዘመኑ ነው፣ ሌላ አማራጭ አልነበረም» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ነበረ እንጂ። ከራይስ ዝላይ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1821፣ ዊሊያም ብራውን የሚባል ቀድሞ በመርከብ አስተናጋጅነት የሠራ ጥቁር ኒው ዮርክ ውስጥ አፍሪካን ግሮቭ የተባለ ቲያትር ቤት ከፍቶ ነበር። ተዋናዮቹ ጥቁሮች፣ ተመልካቾቹም በአብዛኛው ጥቁሮች። የሼክስፒርን ተውኔቶች ይሠሩ ነበር። ረብሸኞች እየገቡ አወኩ። ፖሊስ ተዋናዮቹን ከመድረክ ላይ እያፈሰ ወሰደ። ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ያደገው አይራ አልድሪጅ ግን ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ለንደን ላይ ኦቴሎን ተጫወተ። አውሮፓን እስከ ሩሲያ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1867 ፖላንድ ውስጥ ሉጅ በምትባል ከተማ በጉብኝት ላይ እንዳለ ሞተ። እኛ ኦቴሎን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ሰምተን ስናለቅስ፣ ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ጥቁር ሰው በዚያው ሚና አውሮፓን ማስለቀሱን የነገረን አልነበረም።

አንድ የብራዚል ሰው ደግሞ አለ፤ አብዲያስ ዶ ናሲሜንቶ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ፔሩ ሊማ ሄዶ ቲያትር ያያል። ድራማው የአንድ ጥቁር ንጉሠ ነገሥት ታሪክ ነው። ንጉሡን የሚጫወተው ፊቱን ያጠቆረ ነጭ ነው። ናሲሜንቶ አገሩ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1944፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ የጥቁሮች የሙከራ ቲያትር የሚባል ቡድን አቋቋመ። ማንን ሰበሰበ? የቤት ሠራተኞችን። የቀን ሠራተኞችን። ማንበብ የማይችሉትን ፊደል አስቆጥሮ ቃለ ተውኔታቸውን አስጠናቸው። በዓመቱ የከተማዋ ትልቁ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ አወጣቸው። ይህን ሳስብ የእኛ የቀበሌ ኪነት ትዝ ይለኛል፤ መሠረተ ትምህርትና ልምምድ በአንድ አዳራሽ የነበረበት ጊዜ። እሱን ለሌላ ቀን ልተወው፤ ስለ ኪነት ከጀመርኩ አላቆምም።

ወደ ጎረቤቶቻችን ልመለስ። ከሐዋሳ መናኸሪያ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጥቁር ውኃን ያለፈ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው፤ ሻሸመኔ ይደርሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁሮች አምስት ጋሻ መሬት የሰጡት እዚያ ነው። ሁለት መቶ ሄክታር ገደማ ማለት ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካ ሲገቡ የኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ በሰው ተጥለቀለቀ። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑ ሥር ገባ፤ ከበሮው ይመታል፤ ንጉሡ መውረድ አቅቷቸው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሻሸመኔ የሚመጣው ሰው የበዛው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ አብዛኛው መሬት ከእጃቸው ወጣ። ሰዎቹ ግን አልሄዱም። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደኛ ይናገራሉ። እነዚያ ወጣቶች መድረክ ላይ የሰባበሩት አማርኛ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ጸጉሩን ደግሞ እንየው። ጃማይካ ውስጥ ራስ ተፈሪያን ስለ ጸጉራቸው ሥራ ተከልክለዋል፤ ታስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮራል ጋርደንስ በሚባል ቦታ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሲሞት፣ ፖሊስና ወታደር ድሬድ ያለበትን ሁሉ እየለቀመ አሰረ፣ ደበደበ፣ ጸጉር በግድ ላጨ። የጃማይካ መንግሥት ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ! እኛ አገር አርበኞች ጸጉራቸውን እንዳጎፈሩ አምስት ዓመት ዱር ከርመዋል። በየካቲት 12 ወይም በድል በዓል መድረክ ላይ የክር ጎፈሬ ደፍቶ እየተንገዳገደ ሊያስቅ የሚደፍር ይኖራል? እነዚያም ጸጉሩ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

አሁን ከሁሉ ወደሚጥመኝ ወደ ከበሮው ልሂድ። ያ ልጅ የደበደበው ከበሮ ማለት ነው።

የናያቢንጊ ከበሮ፣ ማለትም የራስ ተፈሪያን የጸሎት ከበሮ፣ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው። ትልቁ ባስ ይባላል። ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ዱላ ይመታል፤ ድምፁ ነጎድጓድ ነው፣ ደረት ላይ ያርፋል። መካከለኛው ፉንዴ ነው። ሁለት ምት፣ ዝምታ። ሁለት ምት፣ ዝምታ። የልብ ትርታ ይሉታል። ፉንዴ የሚመታ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያቺኑ ነው የሚመታ፤ ማጌጥ የለ፣ መሮጥ የለ። እጅ ደከመኝ ካለ ሌላው ይተካዋል እንጂ ምቱ አይቋረጥም። ሦስተኛው ትንሹ ሪፒተር ነው። የሚጫወተው፣ የሚመልሰው፣ የሚከራከረው እሱ ነው። ዘማሪው ያወርዳል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። እኛ አገር በሠርግ ቤትም በእርሻም አውራጅና ተቀባይ እንዳለው ማለት ነው።

ይህ ምት ከየት መጣ? ጃማይካ ውስጥ ከባርነት ዘመን የቆየ ቡሩ የሚባል የከበሮ ባህል ነበር። በኋላ የኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች ውስጥ ከእስር ቤት የተፈታ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ በቡሩ ከበሮ ነበር የሚቀበሉት። ልብ በሉ፤ ሕግ የጣለውን ሰው ከበሮ ያነሣዋል። ካውንት ኦሲ የሚባለው የራስ ተፈሪያን ከበሮ መቺ ይህን ከቡሩ ሰዎች ተምሮ፣ በምሥራቅ ኪንግስተን ኮረብታ ሥር ሰፈር መሥርቶ፣ የናያቢንጊን ምት ለቀረጻ ስቱዲዮ አበቃው። ዛሬ ዓለም የሚወዛወዝበት ሬጌ ውስጥ ያ የልብ ትርታ አለ። ሬጌ እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። የእኛው ፊቼ ጫምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የገባበት ያው መዝገብ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ፊቼ ሲደርስ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ሽማግሌዎቹ ቄጣላ የሚባለውን የሲዳማ ጭፈራ ሲጨፍሩ አይታችኋል። ነገ ኪንግስተን ውስጥ አንድ ቡድን የገለባ ጸጉር ደፍቶ፣ ሲዳምኛ የሚመስል ነገር እየተንተባተበ፣ ቄጣላ እያለ መድረክ ላይ ቢንከባለል የኪነ ጥበብ ገጻችሁ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?

ጃማይካ ሰፈር አንዲት እናት አውቃለሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ማማ እላቸዋለሁ። አንድ በዓል ላይ ጠርተውኝ ሄድኩ። ከበሮው ሲጀምር ትከሻዬ አላስቻለውም፤ የሰሜን ውዝዋዜ የለመደ ትከሻ ምት ሲሰማ ፈቃድ አይጠይቅም። ማማ አዩኝና ሳቁብኝ። «ትከሻሽን ተዪው» አሉኝ። «ጉልበትሽ የት ሄደ?» የነሱ እግር ከመሬት ብዙ አይነሣም። ጉልበት ላላ ይላል፤ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰውነት ከፉንዴ ጋር ይተነፍሳል። ቀላል ይመስላል። ሞክሩት እስቲ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስጨፍር የኖርኩት ሴትዮ ከአንዲት አሮጊት ጋር እኩል ለመሄድ ላብ በላብ ሆንኩ። ጉልበቴ የት እንደሄደማ ሐኪሜን መጠየቅ ነበረባቸው።

አንድ ያልወደድኩት ነገርም አለ፤ አልደብቅም። በብዙዎቹ የናያቢንጊ ቤቶች ሴት ከበሮ አትመታም። ሻኩራ የሚመስል ነገር ትይዛለች፣ ትዘምራለች፣ ከበሮው የወንዶቹ ነው። ማማን ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ያን ጊዜ ትከሻ ተፈቀደ። ቤቱ የነሱ ነው፣ ሥርዓቱም የነሱ። እኔ ግን እጄ በልቶኛል።

ከበሮ የተነጠቀ ሕዝብ ምን ያደርጋል የሚለውን ማወቅ የሚፈልግ ተወዛዋዥ ደግሞ ወደ አሜሪካ ደቡብ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1739 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስቶኖ በሚባል ወንዝ አጠገብ በባርነት የተያዙ ሰዎች አመፁ። ከበሮ እየመቱ ነበር የሚሄዱት፤ ሌላው ሰምቶ እንዲቀላቀል። አመፁ በደም ተደመሰሰ። በዓመቱ የወጣው ሕግ ከበሮና መለከት ከለከለ። ጌቶቹ ከበሮ እንደሚናገር ገብቷቸዋል። እናም ሰውነት ከበሮ ሆነ። ጭን፣ ደረት፣ መዳፍ፣ ተረከዝ። ጁባ የሚሉት ሰውነትን እየመቱ መጨፈር እንዲህ ባለ ቦታ ነው የጎለበተው። ያ የእግር ምት ከአየርላንድ ስደተኞች ጭፈራ ጋር ኒው ዮርክ ላይ ተገናኝቶ ዛሬ ታፕ የሚባለውን ጭፈራ ወለደ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሪንግ ሻውት ነው። የጆርጂያና የሳውዝ ካሮላይና ባሕር ዳርቻ ጥቁሮች ከጸሎት በኋላ ወንበሩን ገለል አድርገው ክብ ይሠራሉ። በሰዓት ቆጣሪው ተቃራኒ ይዞራሉ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ዳንስ ኃጢአት ነው ስትል እነሱ መፍትሔ አገኙ፤ እግር ካልተጠላለፈ ዳንስ አይደለም። ስለዚህ እግራቸውን ሳያጠላልፉ ወለሉን እየጠረጉ ይሄዳሉ። ከበሮ የለም። አንድ ሰው ቆሞ በመጥረጊያ እንጨት ወለሉን ይመታል። መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ የሚወርቡ ሊቃውንት ትዝ ብለውኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንዱ ከአንዱ መጣ አላልኩም፤ ለዚህ ማስረጃ የለም። ግን ጥምቀትን ሐዋሳ ገብርኤል ቆሞ ያየ ሰው ያን ክብ ሲያይ ባዕድ አይሆንበትም።

ጃማይካ ላይ ኩሚና የሚባልም አለ። ባርነት ከቀረ በኋላ ለጉልበት ሥራ ተቀጥረው ከኮንጎ አካባቢ የመጡ ሰዎች ያቆዩት ነው። መቺው ከበሮውን አጋድሞ ላዩ ላይ ይቀመጥና በእጁ እየመታ በተረከዙ ቆዳውን ይጫነዋል። ተረከዙ ሲንቀሳቀስ ድምፁ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ይህን ለልጆቼ ሳሳያቸው አንዱ ወዲያው አታሞዋን ገልብጦ ተቀመጠባት። አታሞዋ ተሰበረች። ግድ የለም፤ ገባው።

እዚያ መድረክ ላይ ይህ ሁሉ ሊቀርብ ይችል ነበር ነው የምለው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው ብያለሁ። ሦስቱን ከበሮ የሚለይ፣ ክቡን የሚዞር፣ የበርት ዊሊያምስን ታሪክ በአሥር ደቂቃ ተውኔት የሚያሳይ ቡድን ይወጣቸዋል። የሰው ባህል መድረክ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ያሳዩ ሰዎች አሉ። ካትሪን ደንሃም የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ተወዛዋዥ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሰው ልጅ ባህል ጥናት ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ካሪቢያን ሄደች። ጃማይካ ውስጥ ከማሩኖች ጋር፣ ማለትም ከባርነት አምልጠው ተራራ ላይ ከኖሩት ሰዎች ልጆች ጋር ተቀመጠች። ሃይቲ ላይ ቮዱ የሚባለውን ሥርዓተ አምልኮ ገብታ ተቀበለች። መጀመሪያ ተቀምጣ ተማረች፤ ከዚያ አገሯ ተመልሳ የራሷን ቡድን አቁማ ዓለምን አስጨበጨበች። እሷ ባሕር ተሻግራ ነው የተማረችው። ከእኛ የሚጠበቀው የሻሸመኔ ታሪፍ ነው።

መንገዱ በእነሱ በኩል ብቻ አይደለም ደግሞ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ የእኛን ቅኝት ከላቲን ምት ጋር ያጋባው የኩባ ጥቁሮች ባቆዩት ኮንጋ ከበሮ ነው። ቺካጎ የነበሩት የዳሎል ባንድ ልጆች፣ ኢትዮጵያውያን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ከቦብ ማርሌ ልጅ ከዚጊ ጋር ዓለም ያወቀውን አልበም ሠርተዋል። ሐዋሳ ውስጥ የትኛውም ባጃጅ ውስጥ ግቡ፤ ሾፌሩ ሬጌ ከፍቷል። ምቱን ወደን በሰዎቹ ማላገጥ ምን ይሉታል?

«እኛ አገር ቀልደኛ ሁሉንም ያስመስላል፤ እነሱ ለምን ይለያሉ?» ያለኝ ሰው ነበር። በየብሔረሰቡ አነጋገር መቀለድም ቢሆን እየቀረ ነው፤ ቢቀር ደግሞ ማንም አልከሰረም። ራስ ተፈሪያኖቹ ራሳቸው በራሳቸው ከቀለዱ ይቀልዱ፤ ማማ ሲጀምሩ ሆድ ያማል። ልዩነቱ ማን በማን ላይ፣ በማን መድረክ፣ ማን በሌለበት የሚለው ነው። እነሱ አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ቢኖሩ ልጆቹ እንደዚያ ይወድቁ ነበር ብዬ አላስብም።

ከጋዜጣችሁ የምፈልገው የተጋነነ ነገር አይደለም። ንጉሡ ጃማይካ የገቡበት ሚያዝያ 13 አለ፤ ልደታቸው ሐምሌ 16 አለ፤ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል አለ። ከነዚህ በአንዱ ዘጋቢያችሁን ሻሸመኔ ላኩት። አስቀድሞ ያስፈቅድ፤ ለነሱ ይህ ጸሎት ነው፣ ኮንሰርት አይደለም። ፎቶ ሳይጠይቅ አያንሣ። ጸጉሩን ትቶ እጃቸውን ይይ፤ ፉንዴ የሚመታውን ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይስማ። ከዚያ ይጻፍ።

አዘጋጆቹም ይህን ደብዳቤ ቢያነቡ፣ በሚቀጥለው ምሽት ሰዎቹን ራሳቸውን ይጋብዟቸው። እንቢ ሊሉ ይችላሉ፤ የጸሎት ከበሮ መድረክ አይወጣም የሚሉ አሉና መብታቸው ነው። እሺ ካሉ የትራንስፖርትና እንደማንኛውም ባለሙያ የድካማቸው ይከፈላቸው፤ «ፕሮሞሽን ይሆናችኋል» የምትለዋን አርቲስት ሁሉ ያውቃታል። ከዲጄው በኋላ ጆሮ ከደነቆረ ወዲያ አታውጧቸው። ከበሮዎቹ በማይክ ባይታፈኑ ጥሩ ነው፤ ባስ ማይክ አያስፈልገውም። እራት ስታዘጋጁ ብዙዎቹ ሥጋ አይበሉም፣ ጨውም የማይቀምሱ አሉ፤ የጾም በያይነቱ ማዘዝ ይቻላል፣ የአንዱን ሳህን ያለ ጨው በሉ። ልምምድ ቦታ ከጠፋ ግቢዬ ክፍት ነው። ጎረቤቶቼ ለከበሮ ለምደዋል፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ ብቻ ነው የሚቆጡት።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የሲዳሞ ኪነት ተወዛዋዥ
ከሐዋሳ